የቢሻው ፊት

ሐምሌ 3 ቀን 2017

በእውቀቱ ደወለ። ከየመን፣ በሰው ስልክ። እሱና ወንድሜ ቢሻው ከዚህ ከመካነ ሰላም አብረው ነው የወጡት፤ የጎረቤታችን የእትዬ ብርሀንነሽ ልጅ ነው። «ማታ ስንጓዝ ወደ ኋላ ቀረብን። ውሃ አልነበረንም። ጠዋት ተመልሰን አገኘነውና አሸዋ አልብሰነው ሄድን» አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። እግዜር ይስጥልኝ ይባላል ለዚህ? ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

እማዬ ከጓዳ «ማነው የደወለው?» አለች።

«ከትምህርት ቤት ነው» አልኳት።

ሐምሌ 4

ዝናብ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ከጻፍኩት የሆነ ይመስለኛል።

ሐምሌ 6

ጋሼ ገበየሁ መጡ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባታችን ካረፈ ወዲህ በቤታችን ነገር የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። ሰው ልኬ ያስጠራኋቸው እኔ ነኝ። መርዶ ለብቻ አይነገርም፣ በልጅ አፍማ ጭራሽ። ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ነው የሚያረዳው። እሳቸው ይመጣሉ፣ በማግስቱ ያረዷታል፣ እኔም አብሬ አልቅሼ እገላገላለሁ ብዬ ነበር።

አጥሩ ጥግ ወስጄ ነገርኳቸው። ዱላቸውን ተደገፉ። ዓይናቸው ቀላ። ከዚያ «የሷስ ዓይን?» አሉኝ።

ይሄ እንኳ እውነት ነው። የእማዬ ሁለቱም ዓይን ሞራ ሸፍኖታል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው። ለጥቅምት ደሴ ሊሠራላት ቀጠሮ ይዘናል። «አሁን ብናረዳት በልቅሶ ታጠፋዋለች። እንኳን የታመመ ዓይን፣ ጤነኛውም በእንባ ይሟሟል። ደሞ ፍልሰታ መጣ፤ ጦሟን ውላ ሐዘን ሲጨመርበት ትሞትብናለች። ያዢው የኔ ልጅ። ሆድ ይፍጀው።»

የማን ሆድ? አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። ከሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የማድረው እኔ ነኝ።

«ወንድም ጋሼ ምነው ሳይቀመጡ?» አለች እማዬ።

«በቅሎዋን አሟት ነው።»

«የታመመች በቅሎ ላይ ወጥተው ሄዱ?»

መዋሸት እንኳ በወጉ አላውቅም።

ሐምሌ 11

የክረምት ትምህርት ጀመርን። ሌላ አስተማሪ የለም፣ ሥዕልና እጅ ሥራ የማስተምረው እኔው ነኝ። ለትንንሾቹ የቅርጻ ቅርጽ ጭቃ አዘጋጀሁላቸው፤ የፋብሪካው እዚህ አይገኝም። ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ጨው፣ ውሃ፣ ጠብ የምትል ዘይት። እንደ ጆሮ ጫፍ እስኪለሰልስ ማሸት ነው። እሳት አይፈልግም፣ በአየር ብቻ ይደርቃል። በጋ ቢሆን ማለቴ ነው።

የሠሩትን ቤት አምጥቼ መስኮቱ ሥር ደረደርኩት። እማዬ እየዳበሰች መጣች። «ይቺ በግ ናት። ይሄ አህያ፤ ጆሮው ያስታውቃል። ይሄስ፣ ባጃጅ ነው እንዴ?» ባጃጅ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። ስቄ ሳልጨርስ አፈርኩ።

ከዚያ በጓን አሸተተቻት። «ዱቄት ነው? በእህል አይጫወቱም የትሜ። እህል ይታዘባል።»

«ለልጆቹ ነው እማዬ።»

በጓን ግን አላስቀመጠቻትም። እያገላበጠች ቆየችና «እንግዲያ የቢሻውን ፊት ሥሪልኝ» አለች።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ፎቶውን እንደሁ አላየው። መልኩ እየጠፋኝ ነው። ላስታውሰው ስል አንዴ አባትሽ ይመጣብኛል፣ አንዴ ወንድም ጋሼ። እንደው ዓይኔን የሚከድንልኝ ልጅ መልኩ ይጥፋኝ? እስኪመጣ ልዳብሰው።»

እሺ አልኳት። እምቢ የምልበት ምን ምክንያት አለኝ? ምክንያቱን እኮ ነው ደብቂ የተባልኩት።

ሐምሌ 14

«ደወለ?»

«ኔትወርክ የለም።»

ኔትወርክ ነበረ። ቀኑን ሙሉ ነበረ።

ሐምሌ 20

ፊቱን ትምህርት ቤት ሠራሁት፣ የዱቄቱ ሽታ እንዳይደርሳት። ከሠራተኛ ክፍሉ ጀርባ ያለች መጋዘን አለች። ፎቶውን ከስልኬ ላይ እያየሁ ነበር የጀመርኩት፤ የሽኝቱ ዕለት ያነሳሁት ነው፣ እየሳቀ። ትንሽ ቆይቼ ስልኩን ደፋሁት። በልቤ ብሠራው ይሻላል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ጨው ቀነስኩ። ጨው በክረምት ላብ ያልበዋል፤ የልጆቹ በግ እግሯ ቀልጦ ተደፍታ አድራለች። ጨው ካነሰ ይደርቃል ብዬ ነው።

እትዬ ብርሀንነሽን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጃንጥላቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው ፊታቸውን ከልለው አለፉ። ዝናብ አልነበረም።

ሐምሌ 29

ሻገተ።

መጋዘኗን ስከፍት ጉንጩ ላይ አረንጓዴ ጸጉር አብቅሎ ነበር፤ ካንገቱ ሥር ደግሞ ጥቁር። በሩን መልሼ ዘጋሁና ውጭ ቆምኩ። የጥበቃው ሰውዬ «ምነው መምህርት፣ እባብ አየሽ?» አሉኝ። «አይ፣ ሽታው ነው» አልኳቸው።

እህል ስለሆነ ቆሻሻ ላይ አይጣልም። በጨርቅ ጠቅልዬ ትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቆፍሬ አስገባሁት። ጥልቅ አድርጌ ነው የቆፈርኩት፤ ውሻ እንዳያወጣው። አፈሩን መልሼ ድንጋይ ጫንኩበት። ከዚያ እጄን ታጥቤ ክፍል ገባሁና ልጆቹን ስለ ቀለም አስተማርኩ። ቢጫና ሰማያዊ ሲደባለቅ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኳቸው። አረንጓዴ ሲሉኝ ወጣሁ።

እማዬ ትክክል ናት። እህል ይታዘባል።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። እማዬ ቅዳሴ ትውላለች፣ ሰው እጇን ይዞ ይወስዳታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም። ለማን እንደምትጦም አውቃለሁ። ትላንት በጸሎቷ መሃል «በሰላም ያግባልኝ» ስትል ሰማኋትና ወጥቼ ጓሮ ጎመን ስቆርጥ ቆየሁ፤ ማንም ያልፈለገውን ጎመን።

ፈርሂያ ሱቅ ሄድኩ፣ የአናጢ ኮላ ልገዛ። የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ደብተርም ምስማርም ኮላም እሷ ጋ ነው ያለው። ዱቄቱን ትቼ በወረቀት ልሠራው ነው፤ ያለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት መጋዘን ሙሉ አለ። ተዘፍዝፎ፣ ተወቅጦ፣ ተጨምቆ፣ በኮላ ሲታሽ የማይሰነጠቅ ጭቃ ይወጣዋል።

«ምን ልትሠሪበት ነው?»

«የቢሻውን ፊት። እማዬ አስቸገረችኝ።»

ኮላውን ለመስጠት የዘረጋችው እጅ መሃል ላይ ቀረ። «የትሜ፣ በኛ በሙስሊሞቹ የሰው ፊት መሥራት አይቻልም። የቂያማ ለት 'በይ ነፍስ ዝሪበት' ይባላል የሠራው ሰው።»

«ቢቻለኝማ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

አየችኝ። ኮላውን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝና «በደንብ እንዲይዝልሽ ሙቅ ውሃ ጨምሪበት» አለች።

ነሐሴ 9

ጭንቅላቱ ውስጡ ባዶ መሆን አለበት፤ ጥጥር ከሆነ መቼም አይደርቅም። በምን ላይ ላልብሰው ብዬ ቤቱን ስበረብር የቢሻውን ማሊያ አገኘሁ፣ ቀዩን፣ ቁጥር ሰባቱን። ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩትና በሱ ላይ አለበስኩ። ልክ ነው የሆነው።

ዛሬ እማዬ «እስቲ ነይ፣ እኔ ልንገርሽ መልኩን» አለችኝ። ፊት ለፊቷ ተንበረከኩ። የኔን ፊት ይዛ ነው የነገረችኝ። «ጉንጩን ካንቺ ቀንሽለት። ግንባሩ ያው ያንቺ ነው። አገጩ ላይ እዚህ ጋ ጣት የምታስገባ ጎድጓዳ አለች፣ የአባትሽ ናት። ጆሮው በቆርቆሮ የተቀደደው፣ እንዳትረሺ።»

የትኛው ጆሮ ነው? ጠፋኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ያየሁት ጆሮ። ከቤታችን ጣሪያ ላይ ሲወርድ የቀደደው ጊዜ ደሙን ያጠብኩለት እኔ ነኝ፣ ግን ግራ ይሁን ቀኝ ጠፋኝ። ምን ዓይነት እህት ነኝ?

«ግራው ነው» አለች ሳልጠይቃት። ከዚያ አውራ ጣቶቿ ወደ ዓይኔ መጡ። «ምነው እርጥብ ነው?»

«ኮላው ያቃጥላል።»

እጇን አላነሳችም። ጠረገችልኝ። «ያቃጥላል» አለች። አሁን ስጽፈው ነው ድምጿ ምን እንደሚመስል ያሰብኩት። ዝም ብላ የኔን ቃል ደገመች። እንደዚያ ነው። ሌላ ነገር የለውም።

ነሐሴ 12

እማዬ፦ «ብርሀንነሽ ምን ሆና ነው የቀረችው? በሬን ሳታንኳኳ የምትውል ሴት አልነበረችም። አስቀይሜያት ይሆን?»

«ፍልሰታ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ትውላለች።»

«ቤተ ክርስቲያንማ እኔም እውላለሁ። ከፊቴ ተነስታ ስትሄድ ሰማሁ። እርምጃዋን አላጣውም።»

ነሐሴ 17

ጦም ተፈታ። ጋሼ ገበየሁ ቅቤ ይዘው መጡ። እማዬ ከጎናቸው ስለ ቢሻው ስታወራ፣ ሲመጣ በየት በኩል ጓዳውን እንደምንቀጥልለት ስትነግራቸው፣ «ይሁን፣ ይሁን» ሲሉ ቆዩ። እንዲህ ያለ ውሸት በሽማግሌ አፍ ሲያምር አይቼ አላውቅም።

በር ድረስ ሸኘኋቸው። «ጦሙ ወጣ ጋሼ።»

«እንቁጣጣሽ አፋፍ ላይ ነው። ዓመት በዓል ፊት ማን ያረዳል?»

«ከዚያስ?»

«መስቀል ይለፍ። ከዚያ ዓይኗ ይሠራ። ተይ እንጂ፣ ምን ያቻኩልሻል?»

ምን ያቻኩለኛል። እኔም ራሴን ጠየቅኩ። አንድ ልቅሶ አለብኝ፣ እሱን ማልቀስ ነው የምፈልገው። ይሄንን መመኘት ኃጢአት ከሆነ እንጃ። እናቴ እንድታውቅ የምመኘው ለሷ ብዬ ነው ለራሴ? ይሄንን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ነሐሴ 25

ተሰነጠቀ። ስንፍናዬ ነው፤ ጭጋጉ አልገፍ ሲል ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ላዩ ደረቀ፣ ውስጡ እርጥብ። ከግንባሩ እስከ አገጩ ሁለት ቦታ። በስንጥቁ ውስጥ ቀዩ ማሊያ ይታያል። ለማንም አላሳየሁትም።

ቀጭን ሙጫ በጥብጬ ስንጥቁን ሞላሁት። እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ጥግ አኖርኩት። ጨርቅ ስፈልግ ያገኘሁት የእማዬን አሮጌ ነጠላ ነው። ነጭ ነጠላ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማታ መብራት ሳጠፋ ወደዚያ አላይም።

በእውቀቱ ደውሎ ነበር። ሥራ አግኝቷል፣ በግ ጥበቃ። አንድ ነገር ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፣ ስለዚያ ጠዋት፤ ሲያገኙት እንዴት እንደነበረ። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ ዘነበ። ልጆቹ ሁሉ ልብሳቸውን ጥለው ወጡ። እማዬም እጄን ያዥኝ ብላ ወጣች፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ዓይኗን በዝናቡ ታጠበች። «ሩፋኤል የጦቢትን ዓይን እንዳበራህ የኔንም አብራልኝ። የሌላ ሰው ፊት ባላይ ግድ የለኝም። እሱን አሳየኝ።»

ያዝኳት። ሁለታችንም በስብሰን ገባን። ቀኑን ሙሉ በረደኝ።

መስከረም 1፣ 2018

ዓመት በዓል። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዋለች። በዓል ነው፣ ይደውላል። ሲመሽ ሰጠችኝ። «ቻርጅ አርጊው» አለች። ሌላ ምንም።

መስከረም 7

ፀሐይ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ዛሬ ዓይኑን ሠራሁ። ሌላው ሁሉ አልቋል፤ የግራ ጆሮው ቀዳዳ፣ አገጩ ላይ ያለችው ጎድጓዳ። ዓይኑ ግን እምቢ አለኝ። ፍሬውን ለብቻ አድቦልቡዬ አስቀምጠዋለሁ፤ ጭቃው ሲደርቅ ይሸሽና ፍሬው ተንከባልሎ ይወድቃል። ሁለቴ አስገባሁት። በሦስተኛው መሬት ላይ ሲንከባለል እግሬ ረገጠው።

እጄ ዝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ከላይ ያለውን ሽፋን አርጥቤ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረግኩትና በጣቴ ለስልሶ ገጠመ። ለጊዜው ነው። ተኝቶ ነው የሚመስለው፤ ተኝቶማ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንድ ፍራሽ ላይ ያደግን ሰዎች። በኋላ አስተካክለዋለሁ።

ከዚያ ግን እዚያው ጋደም ብዬ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መስከረም 12

ፈርሂያ ሱቁን ዘግታ ቤት ድረስ መጣች። እማዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጉልበቷን ስማ ገባች። ጓዳ ስንደርስ ነጠላውን ገልጣ ፊቱን አየችው። ወዲያው መልሳ አለበሰችው።

«ኢናሊላሂ» አለች በሹክሹክታ። «የነሐሴ ለት ነው የገባኝ፣ 'ቢቻለኝማ' ስትይ። ዛሬ ግን አረጋገጥኩ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ያልነገረኝ አለ? ብርሀንነሽ ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ለወፍጮ ቤቱ። ከተማው ያውቃል የትሜ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እናትሽ ብቻ ናት የማታውቀው። መንገድ ላይ ሰዉ ሲያያት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እሷ ደሞ በድምፅ የምትኖር ሰው ናት።»

«ጋሼ ናቸው ያዘገዩት። ዓይኗ…»

«እሺ አብሽሪ፣ አልወቀስኩሽም። ግን እኔ ብሆን በልጄ ሞት ከተማ ሲቀድመኝ አልወድም ወላሂ።»

ቃሉን አለችው። እኔ አንድ ክረምት ያልጻፍኩትን፣ እሷ ጓዳ ቆማ አለችው።

መስከረም 15

ጋሼ ገበየሁ ጋ ገጠር ድረስ ሄጄ ተጣላሁ። ታላቅ ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር መሆኑን አውቃለሁ።

«ጥቅምት ዓይኗ ይሠራል» አሉ።

«ተሠርቶ ማንን ልታይበት? ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የምትጠይቀው ማንን ነው?»

ሚስታቸው ከጓዳ «እውነቷን ነው» አሉ። ጋሼ «ሃያ አንድ፣ ጎህ ሳይቀድ። ሽማግሌዎቹን እኔ ይዤ እመጣለሁ» አሉኝ። ሲሸኙኝ «ስናገር አንቺ አጠገቤ ሁኚ» አሉኝ። ለካ የፈሩት እሳቸው ናቸው። አፍ አውጥቶ መናገሩን ነው የፈሩት፤ እኔ እኮ ጨካኝ መስለውኝ ነበር።

መስከረም 16

ደመራ። እማዬ ከበር ሆና ብርሃኑን አየሁት አለች። የወደቀው ወደ ምሥራቅ ነው ሲሏት «በቢሻው በኩል» አለች።

መስከረም 18

በችኮላም በዕንባም ነው የምጽፈው፣ ይቅር ይበለኝ።

ጠዋት ፊቱን በጥፍሬ ሳንኳኳው እንደ ቅል ጮኸ። እማዬ ሰማች። «ደረቀ?»

«ደረቀ። ግን ገና የማስተካክለው አለኝ።»

«አምጪው።»

«ነገ ላምጣልሽ።»

«የትሜ፣ አምጪው።»

ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀበለችኝ። ከጆሮው ጀመረች። «ግራው» አለችና ፈገግ አለች። ጉንጩን በመዳፏ ያዘችው። «አላከሳሽውም፣ ደግ አደረግሽ።» አገጩ ላይ ጎድጓዳዋን አገኘቻት፣ ጣቷን አስገባች፣ ቆየች። ግንባሩን፣ ቅንድቡን። ከዚያ ሁለቱ አውራ ጣቶቿ ወደ ዓይኑ ወረዱ።

እዚያ ቆሙ። አንዴ ወደ ታች ወረዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ወረዱ። ሽፋኑ የገጠመበትን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችው።

ሰበቡ ተዘጋጅቶ ነበር። ፍሬው እየወደቀ አስቸግሮኝ ነው፣ ተኝቶ ነው፣ ለጊዜው ነው። አንዱም አልወጣልኝም።

«የትምወርቅ» አለች። ሙሉ ስሜን የምትጠራው ስትቆጣ ነው። አልተቆጣችም።

«አቤት እማዬ።»

«ዓይኑን ማን ከደነለት?»

በሬዲዮ አንድ ሰው ስለ ማዳበሪያ ያወራ ነበር። ተነስቼ አጠፋሁትና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ማንም» አልኳት። «ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ጠዋት ነው ያገኙት። በእውቀቱ ነው የነገረኝ።»

«መቼ?»

«ሐምሌ።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ቀስ ብላ፣ ብዙ ጊዜ። «ብርሀንነሽ ያን ጊዜ ነው የቀረችው» አለች። ከዚያ መዳፏን ዓይኑ ላይ አድርጋ አቆየች። እኔ ጉልበቷ ሥር ሆኜ ጥርሴን ነክሻለሁ፤ ዓይኗ፣ ዓይኗ እያልኩ፣ እኔ ካለቀስኩ ታለቅሳለች እያልኩ።

«እንግዲያ አንቺ ነሽ የከደንሽለት» አለች። «ከኔ ቤት ሰው ከደነለት። እሰይ የኔ ልጅ።» እጇ ከሱ ፊት ተነስቶ ራሴ ላይ መጣ። «አሁን አልቅሺ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔን ስትጠብቂ… ያንቺም እኮ ወንድም ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። ጩኸቱ የኔ ይሁን የሷ አላውቅም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገቡት እትዬ ብርሀንነሽ ነበሩ፣ ጫማ ሳያደርጉ። እማዬ እግር ላይ ወደቁ። «የኔ ተርፎብኝ ነው፣ በምን ፊቴ ልምጣ ብዬ ነው» አሉ። እማዬ አነሳቻቸው። «ያንቺስ ይትረፍ እንጂ» አለች። «ልጅ ተረፈ ተብሎ ይታፈራል?» ተቃቅፈው አለቀሱ።

መስከረም 21

ጋሼ ገበየሁ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ፤ ወሬው ገጠር አልደረሳቸውም ነበር። ድንኳኑን ሲያዩ በራፉ ላይ ቆሙ። «ዓይንሽን እህቴ፣ ዓይንሽን» አሉ እያለቀሱ።

«ዓይኔን ጥቅምት ይሠሩልኛል» አለቻቸው። «ልቅሶዬን ግን ማን ያቆይልኛል ወንድም ጋሼ? ሻገተብኝ እኮ።»

ፊቱ መደቡ ላይ ነው፣ ልብሱ አጠገብ። አልቃሽ ሁሉ በሱ ዙሪያ ነው የሚያለቅሰው። አንዳንዱ ጣዖት ነው እያለ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። ፈርሂያ ደግሞ ሦስቱንም ቀን ጀርባዋን ለፊቱ ሰጥታ ውሃ ስትቀዳ፣ ዕቃ ስታጥብ ዋለች። ማንም ማንንም አልከለከለም።

መስከረም 29

ቢሻው ሞተ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው የሞተው፣ በረሃ ውስጥ፣ ብቻውን። ጻፍኩት።

ሰዉ ተበትኗል። ድንኳኑ ተነቅሎ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ከሰዓት ጭቃ እንደገና አዘጋጀሁ፤ ወረቀቱ ተዘፍዝፎ፣ ተወቅጦ፣ ኮላው ሞቆ። ወደ እማዬ ሄድኩ። ፊቱን አቅፋ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

«ዓይኑን እንደገና ልሥራልሽ? አሁን እችላለሁ፤ አይወድቅም። ጥቅምት ሲሠሩልሽ ክፍት ሆኖ እንድታይው።»

አሰበችበት። በአውራ ጣቷ መስመሩን ዳበሰችው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«ተይው» አለች። «አሸዋ ይገባበታል።»

ነጠላውን አምጥቼ አለበስነው። ጭቃውን ሰኞ ልጆቹ ይሠሩበታል።